ተራኪው የሚዘለው ፍርሃት፦ የአስፈሪ ፊልም ፈር ቀዳጆች ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሲታዩ

አስፈሪ ፊልም ወደ የካ አባዶ የሚገባው በሲኒማ ቤት በር ሳይሆን በእጅ ስልክ ነው። ከመገናኛ ወደ አያት በሚጓዘው የማታ ታክሲ፣ በሱቅ ደጃፍ፣ በጥበቃ ቤት፣ አንድ ጎርናና ድምፅ በአማርኛ ሲተርክ ይሰማል። ልጅቱ ብቻዋን ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ መብራቱ ጠፋ፤ ከኋላዋ የቆመውን ግን አላየችም። ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ፊልም ተጨምቆ በሩብ ሰዓት ያልቃል። ተመልካቹ ታሪኩን ከነመጨረሻው ያውቀዋል፤ ፊልሙን ግን አላየውም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ድሮም በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ በኋላም ትርጉም ፊልም መጣና የውጭውን ፊልም በአንድ ሰው አንደበት ወደ አማርኛ አመጣልን። በነዚህ ተራኪዎች ላይ ቂም የለኝም። እንግሊዝኛ ለማይሰማ ሰው ባለውለታ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከፊልሙ የበለጠ ያስቃሉ። ነገር ግን የፍቅር ወይም የድብድብ ፊልም ሲተረክ ከሚያጣው ይልቅ አስፈሪ ፊልም የሚያጣው እጅግ ይበዛል። የፍርሃት ፊልም ዳይሬክተር ሥራው ታሪኩ ውስጥ እምብዛም የለም። ሥራው ያለው ከበሩ መከፈት በፊት ባሉት ስምንት ሰከንዶች ነው፤ ተራኪው ደግሞ መጀመሪያ የሚቆርጠው እነዚያን ስምንት ሰከንዶች ነው።

ጉዳዩን ዛሬ ማንሣት ያስፈለገው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ አስፈሪ ፊልም በዓለም ሲኒማ ከጓሮ ወደ ሳሎን መግባቱ ነው። የኮራሊ ፋርዣ «ዘ ሰብስታንስ» በ2025ቱ ኦስካር ለምርጥ ፊልም ታጭቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት የራያን ኩግለር «ሲነርስ» ሲኒማ ቤቶችን አጨናነቀ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለተኛው ምክንያት ቅርባችን ያለ ነው። በዳርቻው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ስልክና አንድ መብራት ይዘው አጫጭር አስፈሪ ፊልሞች የሚሞክሩ ወጣቶች አሉ። ሙከራቸውን ሳይ የሚያሳዝነኝ የገንዘብ እጥረታቸው አይደለም። የሚኮርጁት ከተራኪው የተረፈውን ነው፦ ፊቷ በዱቄት የነጣ ልጅ፣ ድንገት የሚጮህ ሙዚቃ፣ ቀይ ቀለም። ስለዚህ «ተጽዕኖ ፈጣሪዎቹ ዳይሬክተሮች እነማን ናቸው» ለሚለው የቆየ ጥያቄ የራሴን መለኪያ ይዤ ልምጣ። ታላቅ የምለው ፊልሙ ሲተረክ ሥራው የሚጠፋበትን ሰው ነው።

በዚህ መለኪያ የመጀመሪያው ጀርመናዊው ኤፍ. ደብልዩ. ሙርናው ነው። በ1922 ለዕይታ ያበቃው «ኖስፌራቱ» የብራም ስቶከርን «ድራኩላ» ያለ ፈቃድ የወሰደ ፊልም ነበር። የደራሲው ሚስት ፍሎረንስ ስቶከር ከሰሰች፤ ፍርድ ቤትም ቅጂዎቹ እንዲወድሙ ወሰነ። ፊልሙ የተረፈው አስቀድመው በየአገሩ የተበተኑ ቅጂዎች ስለነበሩ ነው። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፊልም ያደግን ሰዎች ይህን ታሪክ ስንሰማ ትንሽ ፈገግ ብንል አይፈረድብንም። ሙርናው ግን ለተከታዮቹ ያወረሰው ደም መጣጩን ብቻ አይደለም። በዘመኑ የነበረው ሌላው ታላቅ የጀርመን አስፈሪ ፊልም፣ የሮበርት ቪነ «ካሊጋሪ»፣ በተቀባ ሸራና በተጣመመ ግድግዳ መካከል የተሠራ ነበር። ሙርናው በተቃራኒው ካሜራውን ተሸክሞ ወደ እውነተኛ ቤተ መንግሥት፣ ወደ እውነተኛ ወደብና ጎዳና ወጣ። ዝነኛው ትዕይንት ላይ ጭራቁ ራሱ አይታይም፤ ደረጃውን የሚወጣው ጥላው ነው። ተራኪው «ጭራቁ ወደ ክፍሏ ወጣ» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገላገለዋል። አራተኛ ፎቅ ድረስ አሳንሰር የሌለበት፣ አምፖሉ ከተቃጠለ ወራት ያለፈው ደረጃ በየብሎኩ ላለን ለእኛ ግን ከዚህ የቀረበ የፊልም ትምህርት አላውቅም።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ስሙ እዚህ እምብዛም የማይነሣውን ዣክ ቱርነርን ነው። በ1942 አር.ኬ.ኦ. የተባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ ለፕሮዲውሰሩ ለቫል ሉተን የፊልሙን ርዕስ ብቻ ሰጠው፦ «ካት ፒፕል»። በጀቱ ትንሽ ነው፤ የሚያሳምን አውሬ ለመሥራት የሚበቃ አይደለም። ሉተንና ቱርነር ድህነታቸውን ብልሃት አደረጉት፤ አውሬውን በጨለማው ውስጥ ተዉት። ታሪኩ ከሰርቢያ ስለመጣች ኢሬና ስለምትባል ሴት ነው። ፍቅርና ቅናት ሲያይልባት ወደ ጥቁር ነብር እለወጣለሁ ብላ ታምናለች። አንድ ምሽት የምትቀናባት ሴት በመናፈሻው አጥር ሥር ብቻዋን ትሄዳለች። የሁለት ሴቶች የጫማ ኮቴ ይሰማል፤ አንዱ የፊተኛዋ፣ አንዱ የኋለኛዋ። ከዚያ የኋለኛው ኮቴ ይቆማል። ሙዚቃ የለም። ሴትየዋ ትፈጥናለች፤ ዞር ትላለች፤ መንገዱ ባዶ ነው። አሁን ይይዛታል ስንል ከጎን አንድ ነገር በጩኸት ገብቶ ያስደነግጠናል። አውቶቡስ ነው፤ ፍሬኑን ይዞ ሲቆም ያሰማው ፉጨት ነው።

ከዚያ ወዲህ የተሠራ የማስደንገጫ ትዕይንት ሁሉ የዚህ አውቶቡስ ባለዕዳ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ዕዳውን የወሰዱት በግማሽ ነው፤ ጩኸቱን ወስደው ዝምታውን ተዉት። አውቶቡሱ የሚያስደነግጠው ጮክ ስላለ አይደለም። ያን ያህል ጊዜ ኮቴ እንድንቆጥር ስለተገደድን ነው።

ኢሬና ለእኛ እንግዳ አይደለችም። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ስለሚሆን ቡዳ ያልሰማ ማን አለ? በከተማዋ ዳርቻ ደግሞ ጅቡ ተረት ብቻ አይደለም፤ ሲመሽ ከእንጦጦና ከየካ ጋራ ሥር ሲጮህ ይሰማል። ስለዚህ የቡዳ ፊልም የሚያስብ ወጣት ቢበዛ አይገርመኝም፤ አንድ ነገር ግን ቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። ቡዳ እየተባሉ ሲገለሉ የኖሩት ሸክላ ሠሪዎች፣ አንጥረኞችና ሸማኔዎች ናቸው። ያን ስም እንዲሁ አንሥቶ ጭራቅ ማድረግ አሮጌውን በደል በአዲስ ካሜራ መድገም ነው። ቱርነር ይህን ወጥመድ ያመለጠው ኢሬናን የሚፈሩት ሰዎች ሳይሆኑ ራሷ ኢሬና ራሷን እንድትፈራ በማድረግ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ የምናዝነው ለእርሷ ነው።

አልፍሬድ ሂችኮክን ማንም ስለሚያውቀው ብዙ አልቆይበትም። ስለ «ሳይኮ» ሲወራ የሚረሳው ቁጠባው ነው። በ1960 የወጣው ይህ ፊልም የተሠራው በ800 ሺህ ዶላር ገደማ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ሂችኮክ ለቴሌቪዥን ዝግጅቱ ይጠቀምባቸው በነበሩት ባለሙያዎች ነው። የገላ መታጠቢያው ግድያ በፊልሙ ላይ 45 ሰከንድ ያህል ብቻ ይቆያል፤ ለመቅረጽ ግን 7 ቀን ፈጅቷል። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ሂችኮክ ትዕይንቱ ያለ ሙዚቃ እንዲሆን ፈልጎ ነበር፤ የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ግን በቫዮሊንና በዘመዶቹ ብቻ የሚጮኸውን ያን ዜማ ጽፎ አሰማው፤ ሂችኮክም ሐሳቡን ቀየረ። ሌላም ነገር አድርጓል፤ ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ተመልካች እንዳይገባ ሲኒማ ቤቶችን አስገድዷል። ፍርሃት ከመሐል የሚጀመር ነገር እንዳልሆነ ያውቅ ነበር።

የጆርጅ ሮሜሮ ነገር ለየት ይላል፤ እርሱ ራሱ የዳርቻ ሰው ነው። ከሆሊውድ ርቆ በፒትስበርግ ማስታወቂያ እየሠራ ይኖር የነበረ ወጣት፣ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ በ1968 «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን ሠራ። ወጪው 114 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ከከተማ ውጭ ያለ አንድ የገበሬ ቤት፣ በጣውላ የተዘጋ መስኮት፣ ውጭ የሚንገዳገዱ ሙታን፤ በቃ። አከፋፋዩ የፊልሙን ርዕስ ሲቀይር የባለመብትነት ማስታወቂያው ከፊልሙ ላይ ወደቀ፤ በጊዜው በነበረው የአሜሪካ ሕግም ፊልሙ የሕዝብ ንብረት ሆኖ ቀረ። ሮሜሮ ከዚህ ብዙ ገንዘብ አጥቷል። ይሁን እንጂ ማንም ያለ ክፍያ ሊያሳየው፣ ሊቆራርጠውና ሊኮርጀው ስለቻለ ዛሬ በየፊልሙና በየጨዋታው የምናያቸው ሬሳዎች ሁሉ አረማመዳቸውን ከእርሱ ተምረዋል።

ተራኪው የሮሜሮን ፊልም ሲናገር «ዞምቢዎቹ ከበቧቸው» ይላል። የፊልሙ ልብ ግን ቤቱ ውስጥ ነው። ምድር ቤት እንደበቅ ወይስ ላይ እንቆይ በሚል የሚጣሉት ሕያዋኑ ናቸው። አስተዋዩ ቤን ሌሊቱን በሙሉ ይተርፋል፤ ሲነጋ የታጠቁ ሰዎች ከሙታኑ አንዱ መስሏቸው ተኩሰው ይገድሉታል። ቤንን የተጫወተው ጥቁሩ ዱዌን ጆንስ ነው፤ ፊልሙም የወጣው ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት ዓመት ነው። ሮሜሮ ስለዚህ ጉዳይ በፊልሙ ውስጥ አንድም ንግግር አላስገባም። አላስፈለገውም።

ጆን ካርፔንተር በ1978 «ሃሎዊን»ን የሠራው ከ300 ሺህ ዶላር ትንሽ በሚበልጥ ገንዘብ ነው። የገዳዩ ጭንብል ከመደብር በርካሽ ተገዝቶ ነጭ የተቀባ፣ የአንድ ታዋቂ የቴሌቪዥን ተዋናይን መልክ የያዘ የላስቲክ ፊት ነበር። ይህን ሁሉም ያወራል። እኔ የማወራው ካርፔንተር ራሱ የተናገረውን ነው። ፊልሙን ሙዚቃና የድምፅ ቅንብር ሳይገባበት ለአንዲት የስቱዲዮ ኃላፊ አሳያት፤ ምንም አልፈራችም። ከዚያ በሙዚቃ ሊያድነው ቆርጦ ተነሣና፣ ከአባቱ በተማረው ባለ አምስት ምት አካሄድ ያን ቀላል የፒያኖ ዜማ ደረሰው። ያቺው ሴት በኋላ ፊልሙን ወዳዋለች። ምስሉ አንድ ነው፤ የተለወጠው ድምፁ ነው። እንግዲህ የካርፔንተርን ሙዚቃ አጥፍቶ ከኢንተርኔት የተገኘ የከበሮ ድምፅ የሚያስገባው ተራኪያችን ለእኛ የሚያሳየን ያ የስቱዲዮ ኃላፊዋን ያላስፈራትን ፊልም ነው።

ወደ «ዘ ኤክሶርሲስት» ስንመጣ መለኪያዬ ራሱ ይፈተናል። ሰይጣን ስለያዛት ልጅ የሚተርከው የዊልያም ፍሬድኪን ፊልም በ1973 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ራሳቸውን እየሳቱ ይወድቁ እንደነበር ይነገራል፤ ለምርጥ ፊልም ኦስካር የታጨ የመጀመሪያው አስፈሪ ፊልምም ነው። ለአሜሪካዊ ተመልካች አስደንጋጩ ነገር «ለካ ሰይጣን አለ» የሚለው ነው። እኛ ዘንድ ይህ ዜና አይደለም። በየጸበሉ እሑድ እሑድ ሲጮህ የሰማነው ነው፤ በቴሌቪዥን የአምልኮ ጣቢያዎችም ዕለት ተዕለት ስሙን ተጠይቆ «ልውጣ» ሲል እናየዋለን። ከዚህ በኋላ የልጅቱ አንገት ዞረ አልዞረ ብዙ አያስደንቅም። የእኛ ተመልካች ይልቁንም ካህኑ ሥርዓቱን በትክክል መፈጸሙን ይመረምራል፤ መስቀሉን እንዲህ ይያዝ እንጂ እያለ።

ታዲያ ፊልሙ እኛን ለምን ያስፈራናል? መልሱ ተራኪው በሚዘለው ክፍል ነው። ካህን ከመጠራቱ በፊት እናትየዋ ልጇን ይዛ ከሐኪም ወደ ሐኪም ትንከራተታለች። ልጅቱ አልጋ ላይ ታስራ፣ አንገቷ በመርፌ ተወግቶ፣ በሚንቀጠቀጥና በሚጮህ ማሽን ትመረመራለች። ፍሬድኪን ከዘጋቢ ፊልም የመጣ ሰው ነበርና ይህን የሚያሳየው እንደ ዘገባ ነው፤ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ጥድፊያ። ሐኪሞቹ ምንም አላገኙም ይላሉ። «ሆስፒታል ትሂድ ወይስ ጸበል?» በሚል ጥያቄ መካከል የተሰነጠቀ ቤተሰብ በእያንዳንዱ ብሎክ ባለበት ሰፈር ይህ የእናት መንከራተት ከአረንጓዴው ትውከት ይልቅ ያስፈራል። የመጨረሻውን የመኝታ ክፍል ፍሬድኪን በማቀዝቀዣ እንዳበረደው፣ የተዋናዮቹ ትንፋሽ እውነተኛ ጉም እስኪሆን ድረስ እንዳስጠበቀ የታወቀ ነው። ይህ ሁሉ ድካም የማይታመነውን ነገር ለማሳመን ነበር። የሚያምን ተመልካች ያለው የእኛ ዳይሬክተር ግን ሥራው ሌላ ነው፤ የሚታመነውን ነገር እንደ አዲስ እንድንፈራው ማድረግ አለበት። ይህ የበለጠ የሚከብድ ይመስለኛል።

ጃፓናዊው ሂዴኦ ናካታ በ1998 በ«ሪንጉ» አስፈሪነትን ወደ ዕቃችን አስገባ። የተረገመ የቪዲዮ ካሴት አለ፤ ያየው ሰው በሰባት ቀን ይሞታል፤ መዳኛው ካሴቱን ገልብጦ ለሌላ ሰው ማሳየት ነው። በስልካችን «ይህን ለአሥር ሰው ካልላክህ መዓት ይደርስብሃል» የሚል መልእክት የሚደርሰን እኛ ነገሩን ወዲያው እንረዳዋለን። ከቴሌቪዥኑ የምትወጣው የካሴቱ የሙት መንፈስ ሳዳኮ እንዲያ ሰውነት የሚሰቀጥጥ አረማመድ ያገኘችው በኮምፒውተር አይደለም። ተዋናይቷ ወደ ኋላ እየሄደች ተቀርጻ ምስሉ ተገልብጦ ነው የታየው። ዋጋው ዜሮ ነው፤ ስልክ ያለው ሁሉ ዛሬ ማታ ሊሞክረው ይችላል። የእኛ ልጆች ግን የወሰዱት ፊት ላይ የተደፋውን ረጅም ጸጉር ነው።

ስታንሊ ኩብሪክን፣ ዳሪዮ አርጀንቶን፣ ዌስ ክሬቨንን አልዘነጋሁም። በኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ» ውስጥ ሕፃኑ በሆቴሉ ኮሪደር ባለ ሦስት ጎማውን ሲነዳ ከምንጣፍ ወደ ጣውላ፣ ከጣውላ ወደ ምንጣፍ እየተለዋወጠ የሚሰማው ድምፅ ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። የ«ዘ ኮንጀሪንግ»ው ጄምስ ዋን ግን፣ በገቢ ከሁሉም የተሳካለት ቢሆንም፣ ለጀማሪ መጥፎ አስተማሪ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እርሱ የሚችለውን ማስደንገጥ ለመቅዳት የእርሱ ገንዘብና የእርሱ የድምፅ ባለሙያዎች ያስፈልጋሉ። ከገንዘብ አንጻር የሚጠቅመን ኦረን ፔሊ ነው። «ፓራኖርማል አክቲቪቲ»ን በራሱ ቤት ውስጥ፣ በ15 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ካሜራውን አልጋ ግርጌ ተክሎ ሠራው። ሰዎቹ ይተኛሉ፤ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ በሩ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ከ190 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል።

የቅርቡን ዘመን አቅጣጫ የወሰኑት ሁለት ሰዎች ግን ጭራቁን ከመንፈስ ዓለም ወደ ማኅበራዊው ኑሮ ያመጡት ናቸው። የጆርዳን ፒል «ጌት አውት» (2017) ለምርጥ ወጥ የፊልም ጽሑፍ ኦስካር ሲያገኝ፣ በዚያ ዘርፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ጸሐፊ አደረገው። አስፈሪው ነገር ጥቁሩን የልጃቸውን ፍቅረኛ የሚቀበለው የነጭ ቤተሰብ ፈገግታና መስተንግዶ ነው። ሁለተኛዋ ማቲ ዲዮፕ ናት። ሴኔጋል ውስጥ የሠራችው «አትላንቲክስ» በ2019 በካን ፌስቲቫል ታላቁን የዳኞች ሽልማት ወስዷል። ዳካር ዳርቻ ላይ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ የሚሠሩ ወጣቶች ለወራት ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ በጀልባ ወደ ስፔን ሲሰደዱ ባሕር ይበላቸዋል። ሌሊት ሌሊት ነፍሳቸው በሰፈሩ ሴቶች ላይ እያደረ፣ ዓይናቸው የነጣ ሴቶች ወደ ባለሀብቱ ቤት ይሄዳሉ። የሚጠይቁት ደም ወይም ነፍስ አይደለም። ያልተከፈላቸውን ደመወዝ ነው። ከዚህ ቀደም በ1992 ናይጄሪያዊው ክሪስ ኦቢ ራፑ በቪዲዮ ካሴት በቀረጸው «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» ሚስቱን ለሀብት መሥዋዕት ያደረገ ሰው በሙት መንፈሷ ሲሳደድ አሳይቷል፤ የናይጄሪያ ፊልም ኢንዱስትሪ ከዚያ ወዲህ ተመነደገ። አፍሪካ ውስጥ የሙት መንፈስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሒሳብ ለማወራረድ ነው።

ይህን ይዘን የእኛን ዳርቻ እንየው። ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ። ትናንት ጤፍና ስንዴ ይታጨድበት የነበረ መሬት፤ በካሳ የተነሣ ገበሬ፣ አንዳንዱም በገዛ ማሳው ላይ በቆመ ሕንፃ ጥበቃ ሆኖ የተቀጠረ። ውኃና መብራት ሳይገባ የገባ ነዋሪ። ግማሹ ሰው የሌለበት፣ መስኮቱ በፌስታል የተሸፈነ ብሎክ። የማያውቁት ጎረቤት፣ ከግድግዳው ማዶ የሚሰማ ሳል። እዚህ ላይ ከጃፓን ረጅም ጸጉር ማስመጣት ለምን ያስፈልጋል? አንድ ዳይሬክተር ካሜራውን እንደ ፔሊ ኮሪደሩ ላይ ተክሎ፣ ሰው ያልገባበትን የአራተኛ ፎቅ በር ለአርባ ሰከንድ ቢያሳየን፣ ከታችም የባሊ ድምፅ ብቻ ቢሰማ፣ እኔ በበኩሌ መብራት አብርቼ ነው የማድረው።

ችግሩ አርባ ሰከንድ የሚሰጠው ሰው ማጣት ነው። በስልክ ላይ ተመልካች በአውራ ጣቱ ለማለፍ የሚፈጅበት ቅጽበት ነው፤ ዩቲዩብም ፊልሙን ለሌሎች የሚያቀርበው በከፊል ሰዉ ስንት ደቂቃ እንደቆየ አይቶ ነው። ዝምታ ያለበት ፊልም ተበላሽቷል ተብሎ ይዘጋል። የስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ወፍራሙን ዝቅተኛ ድምፅ ጨርሶ አያወጣም፤ የፍርሃት ግማሹ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። ሲኒማ ቤት ይሂዱ እንዳንል አዳራሾቹ ያሉት መሐል ከተማና ትልልቆቹ የገበያ ሕንፃዎች ውስጥ ነው። የማታውን ፊልም ጨርሶ ለወጣ የየካ አባዶ ሰው ታክሲ የለም፤ ካለም ዋጋው የፊልሙን ትኬት ያስንቃል።

በየጋራ መኖሪያ ሰፈሩ ግን ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለበዓል ዕርድ የተሠራ ኮሙናል አለ። የእድር ወንበር አለ። ፕሮጀክተር የሚያከራይ አይጠፋም። ከወጣቶቹ ጋር በዚህ ላይ ስንነጋገር መጀመሪያ የሚያነሡት የፕሮጀክተሩን ጥራት ነው፤ እኔ ግን ገንዘቡ ጥሩ ድምፅ ማጉያ ላይና መስኮቱን የሚሸፍን ጥቁር ጨርቅ ላይ ቢውል እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ማሳያም «ካት ፒፕል» ይሁን፤ ሰባ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፣ በጊዜ ቤት ያስገባል። ንግግሩ አማርኛ ጽሑፍ ከሥሩ ይደረግለት። ተራኪ ከተፈለገም ይገኝ፤ ኮቴው ሲጀምር ብቻ ዝም ይበል።